ለማቶክሲን፦ የዶክተር አክሊሉ ለማ ስምና ሥራ

በሕክምና ቋንቋ ከሰው ስም የተገኙ ቃላት ብዙ ናቸው። ቢልሃርዚያ የተባለው በሽታ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ላይ ትሉን ባገኘው ጀርመናዊ ሐኪም በቴዎዶር ቢልሃርዝ ስም ነው። ከብት የሚያጠቃው ባቤዚያ የተባለው የደም ተሕዋስ ደግሞ የሩማንያዊውን ሊቅ የቪክቶር ባቤሽን ስም ይዟል። እንግሊዝኛውም ሩማንኛውም እነዚህን ስሞች በየራሱ አነጋገር ተቀብሏቸዋል። በዚሁ መዝገብ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ስም ያለበት ቃልም ይገኛል፤ ይኸውም ለማቶክሲን ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ስለ ቢልሃርዚያ ማጥናት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አጠገብ ወንዝ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ባሉት ላይ አስሞከሩ፤ እነዚያም ሞቱ።

ነገሩ ትልቅ ትርጉም ነበረው። የቢልሃርዚያ ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ካላደገ በቀር ሰውን ሊይዝ አይችልም፤ ስለሆነም ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መተላለፊያ ይቋረጣል። በጊዜው ለዚህ የሚያገለግለው መድኃኒት ከውጭ በውድ ዋጋ የሚመጣ ነበር። እንዶድ ግን በየደጃፉ ይበቅላል፤ የትግራይ ሰው ሽብቲ ይለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በተደረገው ሙከራ፣ ከትንንሽ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አሉ።

በ1970ዎቹ የአሜሪካው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ኬሚስቶች ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ከእንዶድ ፍሬ ለይተው ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። ቃሉ የምዕራባውያንን ልማድ የተከተለ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ሲሆን ለማ የአባታቸው ስም ነው፤ ስለዚህ በኬሚስትሪ መዝገብ የገባው የልጁ ሳይሆን የአባቱ ስም ሆነ። እንዶዱን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት አጣቢ ሴቶች ደግሞ በቃሉ ውስጥ ቦታ አላገኙም።

ስም ማግኘትና ባለመብት መሆን ግን የተለያዩ ናቸው። ዓለም አቀፍ ተቋማት የእንዶድ ደኅንነት በዘመናዊ ላቦራቶሪ እስኪረጋገጥ ድረስ ሥራውን ለመደገፍ ለብዙ ዓመታት አመነቱ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዶድ በአሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል ሲታወቅ ግን የአጠቃቀሙ የባለቤትነት መብት ወዲያው በዚያው አገር ተመዘገበ። ዶክተር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ቢጻፉም፣ ተክሉን ለዘመናት የጠበቀው ገበሬ ከመብቱ ውጭ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። ያረፉት በ1997 ነው። በ1960ዎቹ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል፤ እዚህ ላይ አክሊሉ የሚለው ስማቸው ቦታውን አግኝቷል።

ቢልሃርዚያ ግን ከሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻም ሆነ ከሌሎች የአገሪቱ ውሃዎች አልጠፋም። መስኖና ግድብ በተስፋፋ ቁጥር ለቀንድ አውጣው አዲስ መኖሪያ ይከፈትለታል። ስለዚህም የዶክተር አክሊሉ ሥራ ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን ቦይ የሚቀይሰውንም መሐንዲስ ይመለከታል።