ፈጣኑ ማሞ ወልዴ

ዛሬ በታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን የሻምበል ማሞ ወልዴን ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ማራቶን ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን አበበ ቢቂላ ነው። በባዶ እግሩ ሮጦ እንዳሸነፈ አንደኛ ክፍሎችም ያውቃሉ። ማሞን ግን ክፍላችን ውስጥ ስጠይቅ ብዙዎቹ ዝም አሉ።

ማሞ ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ድሬ ጅሌ በሚባል ቦታ ተወለደ። እኛ ዞን ካለው ጅሌ ጥሙጋ ጋር እንዳትቀላቅሉት፣ ያኛው ወደ አዲስ አበባ የቀረበ ነው። ወጣት ሆኖ አዲስ አበባ ገባና በክቡር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ። ወደ ኮሪያም ዘምቷል።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ማሞ እዚያ የሮጠው ምን ይመስላችኋል? ማራቶን እንዳይመስላችሁ! 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትር እና 4 በ400 ዱላ ቅብብል ነው። የፍጥነት ሰው ነበር። ግን ማጣሪያውን አላለፈም። አበበ ሮም ላይ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲያሸንፍ ደግሞ ማሞ በቦታው አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር 4ኛ ወጣ፣ ማራቶኑን ግን አቋረጠ። አበበ እንደገና ወርቅ ወሰደ።

አሁን ወደ ሜክሲኮ እንምጣ፣ ዋናው ታሪክ እዚያ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከከሚሴ ወደ ደሴ ስንወጣ አየሩ እንደሚቀየረው ማለት ነው። ከዝቅተኛ አገር የመጡት ሯጮች ትንፋሽ አጠራቸው። ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. ማሞ 10,000 ሜትር ሮጠ። በመጨረሻው ዙር እየመራ ነበር፣ ግን የኬንያው ናፍታሊ ቴሙ መጨረሻ ላይ አለፈው። ልዩነታቸው አንድ ሰከንድ እንኳን አይሞላም! በጣም ያናድዳል። ማሞ ብር አገኘ።

ልክ በሳምንቱ ማራቶኑ ሆነ። 42 ኪሎ ሜትር ማለት ከከሚሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ ለመድረስ ጥቂት የሚቀረው ነው። ሁሉም የሚጠብቀው አበበን ነበር። አበበ ግን እግሩ ተጎድቶ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ከማቋረጡ በፊት እንዲያሸንፍ ለማሞ አደራ ሰጠው ይባላል። ማሞም በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ገባ። ሁለተኛው ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራ የደረሰው ከ3 ደቂቃ በኋላ ነው። በዚህም ኢትዮጵያ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች። በ800 ሜትር ማጣሪያ የወደቀው ሰው እኮ ነው ይሄን ያደረገው!

ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ ዕድሜው 40 ሆኖ ነበር። ሆኖም ጳጉሜ 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ አመጣ። አበበ ሮም ላይ ካሸነፈ ልክ 12 ዓመት በሞላበት ቀን ነው።

የመጨረሻው ዘመኑ ያሳዝናል። በ1985 ዓ.ም. ታሰረ። የተከሰሰው በቀይ ሽብር ጊዜ በአንድ ልጅ መገደል እጁ አለበት ተብሎ ነው፣ እሱ ግን አላመነም። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ እንዲፈታ ቢጠይቅም ፍርድ ሳያገኝ ብዙ ዓመት ቆየ። በጥር 1994 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ 6 ዓመት ተፈረደበት፣ ግን 9 ዓመት ያህል ታስሮ ስለነበር ወዲያው ተለቀቀ። ቤቱ የቆየው ጥቂት ወር ብቻ ነው። ታሞ ስለነበር ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. አረፈ። 70 ዓመት ሊሞላው 17 ቀን ቀርቶት ነበር።