የሱዛና ዌስሊ ሕይወት፤ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልከኛ ማዕድ

የክርስቲያን ሃይማኖት የሚታወቀው በጸሎት ቤት ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ሰው ማለዳ ተነሥቶ የሚበላው ምግብ፣ ገንዘቡን የሚያወጣበት መንገድ፣ ልጆቹንም በማዕድ ዙሪያ የሚያስተምርበት ሥርዓት ስለ እምነቱ ይመሰክራሉ። ስለዚህ በድህነትና በብዙ መከራ ውስጥ ሳለች ቤትዋን በሥርዓት ያስተዳደረችውን የሱዛና ዌስሊን ሕይወት በአጭሩ ልንጽፍላችሁ ወደድን። የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሱዛና በ1669 ዓመት በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ ተወለደች። አባትዋ ሳሙኤል አንስሊ የተማረና የታወቀ ሰባኪ ነበረ፤ በ1662 ዓመት የወጣውን የአምልኮ ሕግ ሕሊናው ስላልተቀበለው ከቤተ ክርስቲያን ሹመቱ ተወግዶ ነበር። ለዚህ ሰው ከተወለዱለት 25 ልጆች የመጨረሻዪቱ ሱዛና እንደ ነበረች ይነገራል። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አትገባም ነበር፤ እርስዋ ግን በአባትዋ ቤት መጻሕፍትን እያነበበች፣ የተማሩ ሰዎችም ስለ ሃይማኖት ሲነጋገሩ እየሰማች አደገች። በ1688 ዓመትም ሳሙኤል ዌስሊ የተባለውን ቄስ አገባች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባልዋ በሊንከን አውራጃ፣ ረግረግ በበዛበት ቈላ፣ ኤፕወርዝ በምትባል መንደር ላለች ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ ተሾመ። በዚያም ብዙ ዓመት ኖሩ። ሱዛና 19 ልጆች ወለደች፤ ከእነዚህ ዘጠኙ በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ ሦስት ወንዶችና ሰባት ሴቶች ግን አደጉ። ባልዋ የተማረና ቅኔ የሚጽፍ ሰው ነበረ፤ ገንዘብን በማስተዳደር ግን ብልሃተኛ አልነበረም። ደመወዙ ለቤተ ሰቡ ብዛት አይበቃምና ብድር በብድር ላይ ተጨመረበት። የቤቱም ሸክም አብዛኛው በሚስቱ ትከሻ ላይ ወደቀ።

በ1705 ዓመት ባልዋ ሠላሳ ፓውንድ ያህል ዕዳ መክፈል ስላልቻለ በሊንከን ግንብ ታሰረ። የመንደሩም ሰዎች ስለ ምርጫ ነገር ተጣልተውት ነበርና ከጠላቶቹ አንዳንዶቹ በሌሊት መጥተው ሦስቱን ላሞቹን በስለት ወጉ። እነዚህ ላሞች ለልጆቹ ወተት የሚሰጡ የቤቱ ዋና ድጋፍ ነበሩ። ሱዛናም ባልዋ በእስር ቤት እንዳይራብ ያላትን ቀለበቶች ሸጦ እንዲጠቀምባቸው ላከችለት፤ እርሱ ግን ሊቀበላት አልወደደምና መለሰላት። በዚያ ወራት የዮርክ ሊቀ ጳጳስ፣ በእውነት እንጀራ አጥታችሁ ታውቃላችሁን ብሎ ጠየቃት። እርስዋም በእውነቱ እንጀራ አጥተን አናውቅም፤ ነገር ግን ከመብላታችን በፊት እርሱን ለማግኘት፣ ከበላንም በኋላ ዋጋውን ለመክፈል የምንጨነቀው ጭንቀት ጣዕሙን ብዙ ጊዜ ያጠፋብናል የሚል መልስ ሰጠችው። ዕዳ ያለበት ሰው ሁሉ የዚህን ነገር እውነትነት ያውቃል።

እንግዲህ ይህች ሴት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ልጆችዋን እንዴት መገበች? ልጅዋ ዮሐንስ ዌስሊ ካደገ በኋላ የቤትዋን ሥርዓት እንድትጽፍለት ለምኖአት ነበርና በሐምሌ ወር 1732 ዓመት በደብዳቤ ጻፈችለት፤ እርሱም ከሞትዋ በኋላ አሳተመው። ስለዚህ የማዕድዋን ነገር በግምት አናወራም፤ ራስዋ የጻፈችው ምስክር አለን።

ልጆቹ ማለዳ ሁልጊዜ የሚሰጣቸው በማንኪያ የሚበላ ምግብ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ማታ ይህንኑ ይበሉ ነበር። በዚያ አገር እንዲህ ያለው ምግብ እንደ አጥሚት ወይም እንደ ቀጭን ገንፎ ሆኖ ከአጃ ወይም ከሌላ እህል በውኃ ወይም በወተት ይሠራ ነበር። በዚህም ማዕድ ከአንድ ዓይነት ምግብ በላይ አይበሉም፤ ያንንም በልክ እንጂ ያለ ልክ አይበሉም። በምግብ ሰዓት መካከል መብላትና መጠጣት ካልታመሙ በቀር አልተፈቀደላቸውም። ወደ ማድ ቤት ገብተውም ሠራተኞችን ምግብ እንዳይለምኑ ተከልክለው ነበር። ታናናሾቹ ከወላጆቻቸው ገበታ አጠገብ ለእነርሱ በተዘጋጀ ትንሽ ገበታ ይቀመጣሉ፤ አንዳች ነገር ቢያስፈልጋቸው ለሠራተኛዪቱ በጆሮዋ ይነግሩአታል እንጂ አይጮኹም። ማታ በስድስት ሰዓት በአውሮፓ አቆጣጠር የቤተ ሰቡ ጸሎት ካለቀ በኋላ እራታቸውን ይበላሉ፤ በሰባት ሰዓት ይታጠባሉ፤ በስምንት ሰዓትም ሁሉ በየአልጋው ይተኛል። ልጆቹ የቀረበላቸውን ያለ ማጕረምረም መቀበልን ስለ ለመዱ፣ በታመሙ ጊዜ እጅግ የሚመር መድኃኒት እንኳ ቢሰጣቸው ያለ ችግር ይጠጡ ነበር።

እንዲህ ያለ ምግብ ርካሽ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። አጃ ጠንካራ እህል ነው፤ በኃይለኛ እሳት ቢቸኩሉበት ከታች ያርራል፣ ውስጡም አይበስልም። በቀስታ እሳት ብዙ ጊዜ ሲንተከተክ ግን ይለሰልሳል፣ ይወፍራል፣ ጣዕሙም ይወጣል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሴቶች የብረቱን ድስት በምድጃው ላይ አንጠልጥለው በረጋ እሳት ያበስሉት ነበር፤ ምግቡ በድስት ውስጥ ሲበስል የቤቱ እመቤት ሌላ ሥራዋን ትሠራለች። ዛሬ በኤሌክትሪክ ኃይል ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ የሚያበስል ድስት ተሠርቶአል፤ ማታ እህሉንና ውኃውን ጨምሮ የተኛ ሰው ማለዳ ቁርሱን በስሎ ያገኘዋል። ሐኪሞችም ቅርፊቱ ያልተገፈፈ አጃ ሰውን ቶሎ እንዳይርበው እንደሚያደርግ፣ በደም ውስጥ ያለውንም ኮሌስትሮል ለመቀነስ እንደሚረዳ መርምረው አውቀዋል። በአገራችንም የአጃ አጥሚት፣ የገብስ ገንፎ፣ የስንዴ ቅንጬ አሉን። አያቶቻችን ለአራስና ለደካማ የሚሰጡትን ይህን ምግብ አንዳንዶች ዛሬ የድሀ ምግብ ነው ብለው ንቀው፣ ስኳርና ቅባት የበዛበትን በብዙ ዋጋ ይገዛሉ።

የሱዛና ሥርዓት ግን በምግብ ብቻ የቆመ አልነበረም። አምስት ዓመት የሞላውን ልጅ ፊደል ማስተማር ትጀምራለች፤ ከሁለት ሴቶች ልጆች በቀር ሁሉም ፊደልን በአንድ ቀን አወቁ። በቤትዋም ባቆመችው ትምህርት ቤት በየቀኑ ስድስት ሰዓት ታስተምራቸው ነበር። ሴት ልጅ ደኅና አድርጋ ማንበብ እስክትችል ድረስ ለእጅ ሥራ እንዳትቀመጥ ደነገገች፤ ሴቶች ልጆች ማንበብ ሳያውቁ ስፌት የሚማሩበት ልማድ ጎጂ መሆኑን አስተውላለችና። ጥፋቱን ፈጥኖ የተናዘዘና እንደሚታረም ቃል የገባ ልጅ አይገረፍም፤ ስለ አንድ ጥፋትም ሁለት ጊዜ አይቀጣም፤ መልካም የሠራም ይመሰገናል። የሌላው ገንዘብ መርፌ እንኳ ብትሆን ያለ ፈቃድ አትነካም፤ የተሰጠም ተስፋ ይፈጸማል። ቅጣትዋ በእኛ ዘመን ለሚኖር ሰው የጠነከረ ሊመስለው ይችላል፤ እኛም በትርዋን ልንቀዳ አያስፈልገንም። ፍርድዋ ግን ቅንና የማይለዋወጥ ስለ ነበረ ልጆችዋ ወደዱአት።

በየካቲት ወር 1709 ዓመት በእኩለ ሌሊት ቤታቸው በእሳት ተቃጠለ። ሱዛና በዚያ ጊዜ ፀንሳ ነበር፤ በመስኮት መውጣት ስላልቻለች በነበልባሉ መካከል አልፋ ወጣች፤ እጅዋና ፊትዋም ጥቂት ተለበለበ። የአምስት ዓመት ሕፃን የነበረው ዮሐንስ በላይኛው ክፍል ተረስቶ ቀርቶ ነበር፤ አንድ ሰው በሌላው ሰው ትከሻ ላይ ቆሞ በመስኮት አወጣው፤ ወዲያውም ጣሪያው ወደቀ። ቤታቸው እስኪሠራ ድረስ ልጆቹ በየሰዉ ቤት ተበታተኑ፤ በዚያም ክፉ ዘፈንና ብልግና ተማሩ፣ የሰንበትንም ክብር መጠበቅ ተዉ። እናታቸው የብዙ ዓመት ድካምዋ በጥቂት ወራት እንደ ፈረሰ አየች። ነገር ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ሁሉን ሰብስባ ሥርዓቱን እንደ ገና ከመጀመሪያው አቆመች። ትምህርቱንም በመዝሙር መክፈትና በመዝሙር መዝጋት ያን ጊዜ ጀመሩ። ለእያንዳንዱም ልጅ በሳምንት አንድ ማታ ለየችለት፤ ከእርሱ ጋር ብቻዋን ተቀምጣ ስለ ነፍሱ ትነጋገረው ነበር። የዮሐንስ ማታ ሐሙስ ነበረ።

በ1711 እና በ1712 ዓመት መካከል ባልዋ ለሥራ ወደ ሎንዶን ሄዶ ሳለ በሰንበት ማታ ለልጆችዋና ለሠራተኞችዋ ስብከት ታነብላቸው ጀመር። ጎረቤቶች ይህን ሰምተው መጡ፤ ቍጥራቸውም ከ200 በለጠ። በቤተ ክርስቲያኑ የቀረው ረዳት ቄስ ስለዚህ ከሰሳት፤ ባልዋም ስብሰባውን እንድትተው ጻፈላት። እርስዋ ግን የሚገኘውን ፍሬ ገልጣ መለሰችለት፤ ማቆም ካስፈለገም በፍርድ ቀን ከበደሉ ነጻ እንድትሆን በግልጥ ቃል እንዲያዝዛት ለመነችው። እርሱም አልከለከላትም።

ዓመታትዋ በድካም አለቁ። ባልዋ በ1735 ዓመት ዕዳ ትቶባት ሞተ፤ እርስዋም ከዚያ ወዲያ የራስዋ ቤት አልነበራትምና በልጆችዋ ዘንድ ኖረች። የአንዳንዶቹ ሴቶች ልጆችዋ ትዳር መራራ ነበረ፤ ይህም ልብዋን አሳዘነው። ሥርዓት ያለው ቤት ከኀዘን ሁሉ አይጠብቅምና ይህን ልንሰውር አይገባንም። ሆኖም ዮሐንስና ካርሎስ የተባሉት ልጆችዋ በእግዚአብሔር እጅ ሜቶዲስት የተባለውን ታላቅ መነቃቃት አስነሡ፤ ካርሎስም በሺህ የሚቈጠሩ መዝሙሮችን ደረሰ። የመጨረሻ ዘመንዋን በሎንዶን ፋውንደሪ በሚባለው በዮሐንስ የስብከት ቤት ፈጸመች። ነፍስዋ ስትወጣ ልጆችዋ ለእግዚአብሔር የምስጋና መዝሙር እንዲዘምሩ ለምና በሐምሌ ወር 1742 ዓመት በሰላም ሞተች፤ በበንሂል መቃብር ስፍራም ቀበሩአት።

የዚያ የማንኪያ ምግብ ፍሬ በዮሐንስ ታየ። በኦክስፎርድ ሳለ ገቢው 30 ፓውንድ በሆነበት ዓመት በ28 ኖረና ሁለቱን ለድሆች ሰጠ። በሁለተኛው ዓመት 60 አገኘ፤ በ28 ኖሮ 32 ሰጠ። በሦስተኛው 90 አገኘ፤ 62 ሰጠ። በአራተኛውም 120 አገኘ፤ 92 ሰጠ። ገቢው አራት እጥፍ ሲያድግ ማዕዱ ባለበት ቆመ። በ81 ዓመቱም በ1785 ዓመት መጀመሪያ በሎንዶን ጎዳና በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ በእግሩ እየሄደ ለድሆች ልብስ 200 ፓውንድ ለመነ። በልጅነቱ በአንድ ምግብ መጥገብን የተማረ ሰው በሽምግልናው ለሌላው የሚተርፍ ነገር አያጣም።

ወዳጆች ሆይ፤ ከዚህች ሴት ሕይወት ሦስት ነገሮችን እንውሰድ። መጀመሪያ፣ ከአቅም በላይ ለሆነ ማዕድ አንበደር። ለሠርግና ለድግስ በሬ ለመጣል ተበድረው፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ልጆቻቸው የሚራቡ ስንቶች ናቸው! በዕዳ የተገዛ ምግብ ጣዕም እንደሌለው የኤፕወርዟ ሴት አስተማረችን። ሁለተኛ፣ ለልጆቻችን በጊዜው የበሰለ ቀላል ቁርስ በልክ እንስጣቸው፤ ለማልቀሳቸውም ዋጋ አድርገን ጣፋጭ አንስጣቸው። ዛሬ በጣፋጭ ጸጥ ያለው ልጅ ነገ ምኞቱን መግዛት ያቅተዋልና። ሦስተኛ፣ ከልከኛ ኑሮ የተረፈው በሣጥን ተቈልፎ አይቅር፤ የጎረቤታችን ድስት ባዶ መሆኑን እንጠይቅ።

አንቺም እናት ሆይ፣ በምድጃ አጠገብ የምትደክሚው ድካም ማንም የማያየው መስሎሽ አትዘኚ። ሱዛና ገንፎዋን ስታማስል ልጆችዋ ምን እንደሚሆኑ አላወቀችም ነበር። እግዚአብሔር ግን ያውቅ ነበር፤ የአንቺንም ያውቃል። ነገ ማለዳ እሳትሽን ስታነጂ በምስጋና ጀምሪ፤ ድስቱ እስኪበስልም ልጅሽን በአጠገብሽ አስቀምጠሽ አንዲት መልካም ነገር አስተምሪው።