ሁለተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ

ምእመናን፣ በየዓመቱ ለአጥቢያችን የምንከፍለው የሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ከየት እንደ መጣ ጠይቀን እናውቃለን? ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዓዋዲ እንዲቋቋም ያደረጉት አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው።

በ1902 ዓ.ም. ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው መልእክቱ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ጵጵስና ከተቀበሉት አምስት ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ነበሩ። ሐረርን ለረጅም ዘመን ጠብቀው፣ ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ።

ደርግ መጣ። የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወሰደ። እሳቸው ግን መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ሦስት ጳጳሳት ሾሙ፤ ከሦስቱ አንዱ በኋላ አምስተኛው ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ናቸው። እግዚአብሔር የለም የሚል መንግሥት በጳጳስ ሹመት ልጠየቅ ማለቱ መቼም ያስገርማል! በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ አዲሶቹንም ጳጳሳት አሰረ። በምትካቸው ሌላ ፓትርያርክ ቢሾምም የግብፅ ቤተ ክርስቲያን፣ አባታችን በሕይወት እያሉ አልቀበልም አለች።

በ1970 ዓ.ም. የሕዝብ ደህንነት ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ሰዎች ያማክሩት ነበር። ተጠሪነቱ ለሊቀ መንበሩ እንጂ ለዳኛ አልነበረም። ያን ጊዜ የነበረ ሰው ያውቀዋል፦ ሰው ከቤቱ ይወሰዳል፤ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀም ራሱ ይጠየቃል። ስለዚህ ሁሉም ዝም አለ።

አቡነ ቴዎፍሎስ አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቀረቡም። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ከእስር ቤት አውጥተው፣ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ወሰዷቸውና በገመድ አንቀው ገደሏቸው። (የግቢው ባለቤትም በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት አንዱ ነበሩ።) እዚያው ግቢ ውስጥ ቀበሯቸው።

ሞታቸው ለቤተ ክርስቲያን አልተነገረም። እንግዲህ አስቡት፤ የሺህ ሰው ፍትሐት ያደረሱ አባት ፍትሐት ሳይደረግላቸው ከአፈር ገቡ። ወዳጆቻቸው ለሕያው ይጸልዩ ወይስ ለሙት፣ ቁርጡን የሚነግራቸው አጡ። ታስረዋል የሚል አለ፣ ሞተዋል የሚል አለ፤ የሚያውቁት ገዳዮቹ ብቻ ነበሩ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ግቢው ተቆፍሮ ዐፅማቸው ወጣ። ራሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በካህናት ጸሎትና በሕዝብ ልቅሶ ተቀበሩ።