እግረኛው ወታደር ሚጌል ደ ሰርቫንቴስ

ሚጌል ደ ሰርቫንቴስ በዓለም ሥነ ጽሑፍ ስሙ የተጠራው «ዶን ኪኾቴ» በተባለው ልቦለዱ ነው። ዳሩ ግን የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል በ1605 በታተመ ጊዜ ደራሲው የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ነበር። የጉልምስና ዕድሜውን የበላው ወታደርነትና ወታደርነት ያስከተለበት መዘዝ ነው። ደራሲውን የማያውቅ የማኅበራችን አባል ስለማይኖር፣ እዚህ የሚተረከው የወታደሩ ነገር ይሆናል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1547 በስፔን አገር አልካላ ደ ኤናሬስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ዕዳ ከከተማ ከተማ የሚያንከራትታቸው የቁስል ሐኪም ነበሩ። በ1569 መጨረሻ ሮም ውስጥ እናገኘዋለን። በዚያው ዓመት በማድሪድ፣ በዚሁ ስም የሚጠራ አንድ ሰው ሌላውን በሰይፍ በማቁሰሉ ቀኝ እጁ እንዲቆረጥ ተፈርዶበት ነበር፤ ሰውየው እርሱ ራሱ መሆን አለመሆኑ ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ብዙም ሳይቆይ በኢጣልያ ከነበረው የስፔን እግረኛ ጦር ገብቶ፣ በካፒቴን ዲዬጎ ደ ኡርቢና ሥር ተራ ወታደር ሆነ።

እግረኛ ወታደር በባሕር ጦርነት ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የዚያ ዘመን የጦር መርከብ በቀዛፊዎች ክንድ የሚሄድ ነበርና፣ ውጊያው ሲጀመር መርከብ ከመርከብ ይጋጠማል፤ ከዚያ በኋላ ወታደሩ ወደ ጠላት ወለል ዘልቆ እንደ ምድር ጦርነት በጠመንጃ፣ በጦርና በሰይፍ ይዋጋል። ጥቅምት 7 ቀን 1571 በግሪክ ጠረፍ፣ በሌፓንቶ የሆነውም ይኸው ነው። በአንድ በኩል የስፔን፣ የቬኒስና የሮማው ፓፓ መርከቦች በዶን ኹዋን አዛዥነት፣ በሌላ በኩል የኦቶማን ቱርክ ባሕር ኃይል፣ እያንዳንዳቸው ከሁለት መቶ በላይ መርከብ አሰልፈው ተጋጠሙ።

ሰርቫንቴስ በዚያ ቀን «ማርኬሳ» በምትባለው መርከብ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ነበር። የጦር ጓደኞቹ በኋላ በመሐላ እንደ መሰከሩት፣ አለቃውና ባልንጀሮቹ ከታች እንዲቆይ ቢመክሩትም እምቢ ብሎ ተነሣ፤ ከመርከቢቱ ትንሽ ጀልባ አጠገብ፣ አደጋው በሚበረታበት ሥፍራ ጥቂት ወታደሮች ተሰጥተውት ቆመ። ሁለት ጥይት ደረቱን፣ አንድ ጥይት ግራ እጁን መታው። እጁ እንደሚወራው አልተቆረጠም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማይታዘዝ ሆነ።

ክረምቱን መሲና በሚገኝ ሆስፒታል አሳለፈ። በ1572 የጸደይ ወራት በወር የሦስት ኤስኩዶ ጭማሪ ተፈቀደለት፤ የጀግንነቱ ዋጋ ይህ ነበር። አንድ እጁ ከጥቅም ውጭ የሆነ ሰው ወደ ቤቱ ይሰናበታል ብለን ብንጠብቅም፣ እርሱ ግን ወደ ጦሩ ተመልሶ በ1573 ቱኒስ በተያዘች ጊዜ ከዘማቾቹ አንዱ ሆነ።

በ1575 ከወንድሙ ከሮድሪጎ ጋር ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ከዶን ኹዋንና ከሴሳው መስፍን የተጻፉ የምስክር ደብዳቤዎች ይዞ ነበር። ዓላማው በእነዚህ ወረቀቶች ሹመት ለማግኘት ነው። መስከረም 26 ቀን በካታሎንያ ጠረፍ የአልጀርስ የባሕር ዘራፊዎች መርከቧን ያዟት። ደብዳቤዎቹን ያዩት ማራኪዎቹም ተራውን ወታደር ታላቅ ሰው መስሏቸው የቤዛውን ዋጋ አምስት መቶ የወርቅ ኤስኩዶ አደረሱት። ለሹመት የተጻፈው ወረቀት የእስራቱ ማራዘሚያ ሆነ።

በአልጀርስ አምስት ዓመት ቆየ። አራት ጊዜ ሊያመልጥ ሞከረ። በመጀመሪያው ሙከራ መንገድ መሪው ጥሏቸው ሄደ፤ በ1577 ከጓደኞቹ ጋር በአንድ የአትክልት ሥፍራ ዋሻ ተደብቀው መርከብ ሲጠብቁ ከመካከላቸው አንዱ አጋለጣቸው። በተያዘ ቁጥር ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው እያለ ሌሎቹን ያድን እንደ ነበር፣ አብረውት የታሰሩት ሰዎች በ1580 መስክረዋል። በእኔ ግምት ከሌፓንቶው ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ በጦር ሜዳ የአለቃ ትእዛዝና የጓድ ዓይን አለ፣ በግዞት ግን የሚያስገድደው አልነበረም።

በአገር ቤት እናቱ ሌኦኖር ባላቸው በሕይወት እያሉ ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ ብለው ለመንግሥት አመልክተው ለቤዛው ገንዘብ ይለምኑ ነበር። የተገኘው አንዱን ብቻ የሚያስፈታ ስለሆነ በ1577 ሮድሪጎ ቀድሞ ወጣ። ሚጌል ወደ ቁስጥንጥንያ በሚሄድ መርከብ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ሳለ፣ መስከረም 19 ቀን 1580 ኹዋን ኺል የሚባሉ የሥላሴ ማኅበር መነኩሴ የጎደለውን ከነጋዴዎች አሟልተው አስፈቱት።

ከዚያ በኋላ ያለው የደጅ ጥናት ታሪክ ነው። በ1590 አገልግሎቱን ዘርዝሮ በአሜሪካ ግዛቶች ከነበሩት ክፍት ሥራዎች አንዱ እንዲሰጠው ለንጉሡ አመለከተ፤ እዚሁ አገር ቤት ይፈልግ ተብሎ ተመለሰ። ለባሕር ኃይሉ እህልና ዘይት ሰብሳቢ፣ ቀጥሎም የቀረጥ ዕዳ ተቀባይ ሆነ፤ ገንዘቡን ያስቀመጠበት ባለባንክ በመክሰሩ በ1597 ሴቪያ ውስጥ ታሰረ። ከውትድርናው ያልተለየው ሮድሪጎ በ1600 በፍላንደርስ ጦር ሜዳ ሞተ።

በ1614 በብዕር ስም የተሸሸገ አንድ ጸሐፊ የ«ዶን ኪኾቴ»ን ሐሰተኛ ሁለተኛ ክፍል አሳትሞ፣ ሰርቫንቴስን በእርጅናውና በሽባ እጁ ተሳለቀበት። እርሱም በ1615 ባወጣው እውነተኛ ሁለተኛ ክፍል መቅድም ላይ፣ እጁ የተጎዳው በመሸታ ቤት ሳይሆን በሌፓንቶ መሆኑን ገልጾ መለሰለት። በሚያዝያ 1616 ማድሪድ ውስጥ ሞተና፣ ከአልጀርስ ባስፈታው በዚያው የሥላሴ ማኅበር ገዳም ተቀበረ። የመቃብሩ ቦታ ጠፍቶ ኖሮ፣ በ2015 ተመራማሪዎች የእርሱ ሳይሆን አይቀርም ያሉትን አፅም ከሌሎች ሰዎች አፅም ጋር ተቀላቅሎ አገኙት።