አባ ግሬጎር ሜንዴልና የምላሳችን ውርስ

አባ ግሬጎር ሜንዴል ዛሬ ቼክ በሚባለው አገር በ1822 ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።) በ1843 በብርኖ ከተማ ገዳም ገቡ። የመምህርነትን ፈተና ሁለት ጊዜ ቢሞክሩም አልሆነላቸውም፤ ነገር ግን ምርምርን አልተዉም።

ከ1856 ጀምሮ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየዘሩ ይቈጥሩ ነበር። ሐምራዊ አበባ ያለውን ከነጩ ጋራ ቢያዳቅሉ ልጆቹ ሁሉ ሐምራዊ ሆኑ። ከልጅ ልጆቹ ግን 705ቱ ሐምራዊ፥ 224ቱ ነጭ ሆነው በቀሉ። ከዚህም ዛሬ ዘረ መል የምንለውን ነገር ልጅ ከአባቱ አንድ፥ ከእናቱ አንድ እንደሚወርስ፥ አንደኛውም ሌላውን ሊሸፍነው እንደሚችል አስረዱ። ጽሑፋቸው በ1866 ቢታተምም ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በ1884 ዐረፉ፤ ሥራቸው የታወቀው በ1900 ነው።

እኛን የሚያስደንቀን ይኸው ሕግ በምላሳችንም መገኘቱ ነው። በ1931 አርተር ፎክስ የተባሉ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ፒቲሲ የሚባለው ዱቄት ለአንዱ መራራ፥ ለሌላው ጣዕም የለሽ መሆኑን ገለጡ። ሁለቱም ወላጆች ምሬቱ የማይሰማቸው እንደ ሆነ ልጆቻቸውም አብዛኛውን ጊዜ አይሰማቸውም። ምሬቱ የሚሰማቸው ወላጆች ግን የማይሰማው ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ፤ እርሱም እንደ ነጩ አበባ ተሸፍኖ የቈየ ውርስ ነው። የዚህ ጣዕም ዋናው ዘረ መል በ2003 ተለይቶ ታወቀ።

እንግዲህ ከወንድማማቾች አንዱ መረረኝ፥ ሌላው አልመረረኝም ቢል ሁለቱም እውነት ተናግረዋልና አንዱን ሐሰተኛ አንበለው።