ሰር ሮበርት ሀድፊልድና ተሰባሪው ብረት

እኛ ሳይንስ የምንማር ሁሉ በመጽሐፍ ላይ የታተመ ሠንጠረዥ ስናይ መጨረሻው መስመር የእውቀት ወሰን ይመስለናል። ሠንጠረዡ ካበቃበት አልፎ የሄደ የአንድ ሰው ሕይወት ለዚህ አሳባችን መልስ ስለሚሆን በአጭሩ ልንተርከው ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሮበርት ሀድፊልድ በ1858 በእንግሊዝ አገር፥ በብረት ሥራ በታወቀችው በሼፊልድ ከተማ ተወለደ። አባቱ በዚያው ከተማ አረብ ብረት የሚያቀልጥ ፋብሪካ ነበረው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ በመግባት ፈንታ በፋብሪካ መሥራትን መረጠ፤ በዚያም ብረትን ከልዩ ልዩ ማዕድን ጋራ እያቀለጠ ይመረምር ጀመር።

በዚያን ጊዜ ጥቂት ማንጋኒዝ ለአረብ ብረት እንደሚጠቅም ታውቋል። ነገር ግን ማንጋኒዙ ከመቶ 3 እጅ ገደማ ካለፈ ብረቱ ተሰባሪ ይሆናል፤ ጥቂት ሲጨመርበትማ በመዶሻ ሲመታ ይደቅቃል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ከዚያ ማለፍን ከንቱ ድካም አድርገው ቈጠሩት። ሀድፊልድ ግን ማንጋኒዙን እየጨመረ ሄደ። በ1882፥ ገና 24 ዓመት ሳይሞላው፥ ከመቶ 12 እና 13 እጅ ሲደርስ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ።

የጋለ አረብ ብረት ውኃ ውስጥ ሲነከር እንደሚጠነክርና እንደሚሰበር አንጥረኛ ሁሉ ያውቃል። የሀድፊልድ ብረት ግን ተቃራኒውን አደረገ። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ነበር፤ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አግሎ ውኃ ውስጥ ሲነክረው ግን ሳይሰበር የሚለመጥና የሚሳብ ሆነ። ማግኔትም አልስበው አለ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በከፍተኛ ሙቀት ካርቦኑ በብረቱ ውስጥ ሟሙቶ ይሰራጫል። ብረቱ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ከማንጋኒዝና ከብረት ጋራ ተዋሕዶ በቅንጣቶቹ ድንበር ላይ ደረቅ ሽፋን ይሠራል፤ ስንጥቅም በዚያ ይሮጣል። ውኃው ለዚህ ጊዜ አይሰጠውም። ማንጋኒዙ ደግሞ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ተሰባሪው ዓይነት እንዳይለወጥ ይይዘዋል። ከዚህም በላይ ይህ ብረት በተመታ ቍጥር ፊቱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ውስጡ ግን አይሰበርም። ስለዚህ ለባቡር ሐዲድ መገናኛና ለድንጋይ መፍጫ መኪና መንጋጋ ተፈለገ። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የእንግሊዝ ወታደሮች የራስ ቍር ተሠራበት።

በ1888 ግኝቱን ለለንደን የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አስረዳ። በዚያው ዓመት አባቱ ስለ ሞተ ፋብሪካውን ተረከበ። በ1908 የሰርነት ማዕርግ አገኘ፤ በ1909 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በስተርጅናውም የቀዳሚውን ድካም አልረሳም፤ ማይክል ፋራዳይ ከመቶ ዓመት በፊት ያቀለጣቸውን የብረት ናሙናዎች መርምሮ በ1931 መጽሐፍ አሳተመ። በ1940 አረፈ።

መንገዱ ግን አልተዘጋም። በ1979 የጃፓን ተመራማሪዎች ከኒኬልና ከአሉሚኒየም በሚሠራ ተሰባሪ ውሑድ ላይ እጅግ ጥቂት ቦሮን ጨምረው እንዲሳብ አድርገዋል። እንግዲህ በላቦራቶራችን አንድ ነገር ሲሰበርብን አይረባም ብለን ከመጣላችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ምን ያህል ጨመርንበት? እንዴትስ አቀዘቀዝነው?