ፈቃድ የጠየቀው መንገደኛ

ከካዛንቺስ ብዙም በማይርቀው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ፣ በሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ፣ ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. አንድ ሕፃን ተወለደ። ስሙ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። አባቱ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። ያን ጊዜ ካዛንቺስ በዚህ ስሙ አይታወቅም፤ ስሙን ያገኘው በኋላ፣ በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው።

ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው የሰገሌ ጦርነት ሆነ። በዚያ ቀውጢ ጊዜ የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን በሌጋሲዮኑ ተጠልሎ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ድሉ ከተገኘ በኋላም ትንሹ ቴሲጀር የድል አድራጊውን ሠራዊት ሰልፍ በጃንሜዳ ተመለከተ። ያ ትዕይንት ዕድሜ ልኩን ከአእምሮው አልወጣም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ፣ የኦክስፎርድ ተማሪ የነበረው ቴሲጀር በግል ተጋብዞ መጣ። ከበዓሉ በኋላም ለአደን ወደ አፋር ቆላ ወረደ። አንድ ጥያቄ ይዞት የተመለሰው ያኔ ነው፤ ባሕር የማይደርሰው አዋሽ የት ነው የሚቀረው?

አፋሮች መልሱን ያውቁታል። የማያውቁት የውጭ ካርታ ሠሪዎች ነበሩ። ወደ አፋር ምድር የዘለቁ የውጭ ሰዎች ዕጣም የሚያበረታታ አልነበረም። የግብፅን ጦር ይዞ የገባው ሙንዚንገር በ1868 ዓ.ም. አውሳ ላይ ተገደለ። ጣሊያኖቹ ጁልየቲና ቢያንኪም በ1873 እና በ1877 ዓ.ም. እንደወጡ ቀሩ።

ቴሲጀር ኅዳር 22 ቀን 1926 ዓ.ም. በሃያ ሦስት ዓመቱ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ። ግመል፣ ድንኳን፣ ጠባቂ ወታደሮችና ኦማር የተባለ ብልህ የሶማሌ የጓዝ አለቃ ይዞ ነበር። ብዙም ሳይርቅ ግን አገሩ ሰላም የለውም ተብሎ በመንግሥት ትእዛዝ ተመለሰ። አዲስ አበባ ወጥቶ ደጅ ጠና። በመጨረሻ የተፈቀደለት፣ ለሚደርስበት ሁሉ መንግሥት ኃላፊ እንደማይሆን በጽሑፍ ካረጋገጠ በኋላ ነው።

ሕግ ያጠና ሰው ይህን ወረቀት በጥሞና ማየት አለበት። ወረቀቱ የሚናገረው ማን ተጠያቂ እንደማይሆን ብቻ ነው። የማለፍ መብቱ በሌላ ሰው እጅ ነበር፤ በአውሳው ሡልጣን በመሐመድ ያዮ። ሡልጣኑ በሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን፣ ጫካ መካከል ባለ ገላጣ ቦታ የታጠቁ ሰዎቻቸውን አሰልፈው ተቀበሉት። ወጣቱ የመጣበትን ጉዳይ አስረዳ፤ መልሱን ጠበቀ፤ ፈቀዱለት። አዋሽ አቤ ሐይቅ ገብቶ ሲቀር በዓይኑ አየ። ግንቦት ወር 1926 ዓ.ም. ታጁራ ሲደርስ ከግመሎቹ አብዛኞቹ አልቀው ነበር።

በ1933 ዓ.ም. በጎጃም ከአርበኞች ጎን ለነጻነት ተዋጋ። ከድሉ በኋላ ደሴ ላይ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን፣ የያኔው የሌጋሲዮን ሕፃን፣ አማካሪ ሆነ፤ ሥራው ግን አልተመቸውም። በ1939 እና በ1940 ዓ.ም. ሩብ አል ኻሊ የተባለውን የዓረቢያ በረሃ ከበደዊን ጋር ሁለት ጊዜ አቋረጠ። በኢራቅ ረግረግ፣ በመጨረሻም በኬንያ ማራላል ለብዙ ዓመታት ኖሮ ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. እንግሊዝ ውስጥ አረፈ።

ጻድቅ አልነበረም። መኪናን ይጠላ ነበር፤ ዘመናዊነት የበረሃውን ሰው ያበላሸዋል ብሎም ያምን ነበር። ምጥ የያዛት ሚስቱን ሐኪም ቤት ማድረስ ያቃተው አርብቶ አደር በዚህ አይስማማም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ገብቶት ነበር። በረሃ ባዶ አይደለም፤ ባለቤት አለው።

ይህን ለመረዳት ሕግ ራሱ ዘግይቷል። የአውስትራሊያ ምድር እንግሊዞች ሲደርሱ ባለቤት እንዳልነበረው ተቆጥሮ ኖሮ፣ ይህን አስተሳሰብ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማቦ ጉዳይ የሻረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ዛሬ በሰሜኑ ግዛት ወደ ነባር ሕዝቦች መሬት በመኪና ገብቶ ድንኳን ለመትከል የሚሻ ፈቃድ ያወጣል። በእኛም አገር የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 የግጦሽ መሬትን የመንግሥት ሀብት አድርጎት ነበር። አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት በአንቀጽ 40 የተጻፈለት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው።

ዛሬ እስከ ሠመራ አስፋልት ነው። ባለ ላንድክሩዘሩ የቂርቆስ ሰው ድንኳኑንና የውሃ ጀሪካኑን ጭኖ ሲወርድ፣ የሚያድርበት ሜዳ የማን ግጦሽ እንደሆነ ይጠይቃልን? ጥያቄው የበረሃ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ነባሩ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ በፕላኑ ላይ ቦታው የሚለማ መሬት ነበር፤ ለነዋሪው ግን ዕድሩ፣ ጉርብትናውና እንጀራው ነበር። ልማት አያስፈልግም የሚል የለም። ነገር ግን ፕላን ያዥ ሁሉ እንደዚያ ወጣት ጉዳዩን ለባለቤቱ ቢያስረዳና መልሱን ቢጠብቅ፣ ለቆ የሚሄደውም ሰው ቢያንስ ተጠይቆ ይሄድ ነበር።